ከመሰናክሉ ማዶ

ፈረስ ሲዘል የሚመለከት ሰው ዐይኑን የሚተክለው በመሰናክሉ ላይ ነው። ፈረሱ የፊት እግሮቹን አጥፎ ከአግዳሚው እንጨት በላይ የሚታይባት ያች ቅጽበት እጅግ ታምራለች፤ ፎቶግራፍ አንሺው አድብቶ የሚጠብቃት እርሷን ነው፤ ተመልካቹም የሚያጨበጭበው ለእርሷ ነው። እኔም ስለ ፈረስ ጥቂት አውቃለሁ እያልኩ እኮራ በነበረበት ጊዜ የዝላይ ነገር ሁሉ በዚያች ቅጽበት ተጀምሮ በዚያች ቅጽበት የሚያልቅ ይመስለኝ ነበር። የትከሻዬ አጥንት ከተሰበረ ወዲህ ግን ዐይኔ ሌላ ነገር ማየት ለምዷል፤ ይኸውም ከመሰናክሉ ማዶ ያለችው፥ ፈረሱ የሚያርፍባት፥ ርዝመቷ ከአሥር ርምጃ የማትበልጥ መሬት ናት። አሁን ልጽፍ የተነሣሁትም ስለዚያች መሬትና በእርሷ ላይ ስላሳለፍኳቸው ጥቂት ወራት ነው።

ፈረሱ የእኔ አልነበረም፤ የአንድ ወዳጄ ነው። እኔ አስተማሪ ነኝና የፈረስን ገብስና ድርቆሽ የሚችል ደመወዝ የለኝም። ወዳጄ ግን ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ አነስ ያለ ጋጣ አሠርቶ ሦስት ፈረሶች ያኖር ነበር፤ ሥራው ፋታ ስለማይሰጠውም ቅዳሜና እሑድ እየመጣሁ እንድቀመጥባቸው ፈቀደልኝ። ከሦስቱ አንዱ ዳማ ነው፤ በግንባሩ ላይ የጠገራ ብር የሚያህል ቦቃ አለው፤ ቁመቱ እስከ ትከሻው 1 ሜትር ከ42 ሳንቲ ሜትር ነው። ጥፍሩ ጥሩ፥ ዐይኑ ብሩህ፥ ለሰው የሚቀርብ እንስሳ ነበር። ገብስ ይዞ የመጣውን ብቻ ሳይሆን ባዶ እጁን የመጣውንም ሰው ደረቱን እያሸተተ ይቀበል ነበር።

ጉድለቱ አንድ ብቻ ነው። ወደ መሰናክሉ ሲሄድ ጨዋ ነው፤ ሲዘልም እግሩ እንጨት አይነካም። መሬት እንደ ደረሰ ግን ከገደል እንደ ተለቀቀ ናዳ ይሆናል። አንገቱን ወደ ላይ ሰቅሎ፥ አፉን ከፍቶ፥ ጀርባውን አጉብጦ ሽምጥ ይነሣል፤ የፊት ሰኮናዎቹ መሬቱን ከመርገጥ ይልቅ የሚቆፍሩ ይመስላሉ፤ መታጠፊያው ላይ ሲደርስም ጭነቱ እንዳጋደለበት በቅሎ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። አንድ ሁለት ጊዜ ጉልበቱ እስኪጎነበስ ድረስ ተደናቅፎ በተአምር ተነሥቷል።

ምክር አላነሰኝም። በአገራችን የፈረስ ምክር የማያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ ይህም የሚያስገርም አይደለም፤ አባቶቻችን ከገዛ ስማቸው ይልቅ በፈረሳቸው ስም መጠራትን የሚወዱ ነበሩና። አፄ ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፥ አፄ ዮሐንስን አባ በዝብዝ፥ አፄ ምኒልክን አባ ዳኘው፥ ደጃዝማች ባልቻን አባ ነፍሶ ብለን የምንጠራቸው በፈረሶቻቸው ስም ነው። እንግዲህ ከዚህ ወገን የተወለደ ሰው ፈረስ ሲሮጥ አይቶ ዝም ሊል አይችልም። አንዱ ዛቡን አሳጥረህ ያዝ አለኝ፤ ሁለተኛው አለንጋ አሳየው አለኝ፤ ሦስተኛው እስኪደክመው ድረስ በሜዳ ላይ ጋልበው፥ ከዚያ በኋላ ይበርድለታል አለኝ። አራተኛው ግን ልጓሙን ለውጥ፥ የሐበሻ ልጓም አግባበት ሲል መከረኝ፤ እኔም የሰማሁት የእርሱን ነው።

የሐበሻ ልጓም ምን እንደ ሆነ ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ማለት ይገባል። ይህ ልጓም በፈረሱ የታችኛ መንጋጋ ዙሪያ የሚጠልቅ የብረት ቀለበት አለው። ፈረሰኛው ዛቡን ሲስብ ቀለበቱ መንጋጋውን ይይዛል፤ በሽምጥ የሚመጣው ፈረስም ባለበት ይቆማል። ለጉግስ የተሠራ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። ጉግስ ተጫዋቹ ባላጋራውን አሳድዶ ዘንግ ይወረውራል፤ ወዲያው ደግሞ ተሳዳጅ ሆኖ ይመለሳል፤ ስለዚህ ፈረሱ በአንድ ጋሻ ስፋት ቦታ ላይ ቆሞ መዞር አለበት። በጃን ሜዳም ሆነ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ በሚከበረው በአገው ፈረሰኞች በዓል ይህን ጥበብ አይቶ ያላደነቀ የለም። ቀድሞ ፈረሰኛው በባዶ እግሩ፥ እርካቡን በአውራ ጣቱ ብቻ ይዞ እንዲህ ያለውን ሥራ ሲሠራ ማየት ራሱ ትምህርት ነበር። ነገር ግን የጉግስ ፈረስ ከፊቱ አግዳሚ እንጨት የለበትም። ለአንዱ ሥራ የተበጀ መሣሪያ ለሌላው ሲሆን ምን እንደሚያመጣ እኔ በወቅቱ አላሰብኩም።

በ2011 ዓ.ም. በኅዳር ወር፥ አንድ እሑድ ጧት፥ ዳማው 80 ሳንቲ ሜትር የሚሆነውን መሰናክል ዘለለ። እኔም እንደሚሮጥ ስለማውቅ ገና እግሩ መሬት ሳይነካ ዛቡን በኃይል ሳብኩት። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው የአንገቱን መሰቀል፥ ቀጥሎም ጋማው ከፊቴ መጥፋቱን ነው። በቀኝ ትከሻዬ ወደቅሁ። ፈረሱም በጉልበቱ ወድቆ ተነሣ፤ ከከንፈሩም ደም ይወርድ ነበር። እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜ ያየሁት የራሴን ክንድ እንጂ የእርሱን ከንፈር አልነበረም።

ስድስት ሳምንት ክንዴን በጨርቅ አንጠልጥዬ ከረምኩ። በዚሁ ጊዜ ወዳጄ አንድ ቀን ሊጠይቀኝ መጣና ሻይ እየጠጣን ሳለ እንደ ቀላል ነገር አድርጎ፥ ዳማውን ለቢሾፍቱ ጋሪ ነጂ ሊሸጠው እንዳሰበ ነገረኝ። «ሰው የሚሰብር ፈረስ ምን ያደርግልኛል? ጋሪ ሲጎትት ይበርድለታል» አለ። የጋሪ ፈረስ ኑሮ ምን እንደሚመስል ቢሾፍቱን የረገጠ ሁሉ ያውቀዋል፤ ከጧት እስከ ማታ በጠንካራው መንገድ ላይ፥ ጠፍር የላጠው ትከሻ፥ በየጥላው ሥር ጥቂት ድርቆሽ። በጋሪ ነጂው አልፈርድም፤ እርሱም ልጆቹን የሚያበላው በዚያ ነው። ነገር ግን ፈረሱን ለዚያ የሚያበቃው የእርሱ ጥፋት ይሁን የእኔ ሳይታወቅ መሸጡ እንቅልፍ ነሣኝ። ወዳጄን እስከ ፋሲካ ድረስ እንዲታገሠኝ ለመንኩት፤ እርሱም ትከሻዬን አይቶ ሳቀና እሺ አለ።

አሁን ባልደራስ ስለምንላቸው ሽማግሌ መናገር አለብኝ። ባልደራስ በጥንቱ ዘመን የፈረሶች አለቃ የሚጠራበት ማዕርግ ነው፤ እርሳቸውን ግን የሾማቸው ማንም የለም፤ የሰፈሩ ሰው ያወጣላቸው ስም ነው። ከ1966 ዓ.ም. በፊት ገና ልጅ ሳሉ በክብር ዘበኛ ፈረሰኞች ጋጣ ውስጥ ፈረስ እያጠቡ፥ ጥፍር እያጸዱ አድገዋል። ከዚያ በኋላ በሕይወታቸው ብዙ ሥራ ሠርተዋል፤ ዘበኛም ነበሩ፥ ነጋዴም ነበሩ፤ ዐይናቸው ግን ከፈረስ አልተለየም። ወደ ቤታቸው ሄጄ ነገሩን ሁሉ ዘርዝሬ ስነግራቸው አንድም ቃል አልመለሱልኝም። በማግሥቱ ጧት ከጋጣው በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው።

እንድጋልብ ያዘዙኝ መስሎኝ ኮርቻ ላነሣ ስል «ተወው፤ መጀመሪያ ያመዋል ወይስ አያመውም የሚለውን እንይ» አሉኝ። ጣቶቻቸውን በጀርባው ላይ ከትከሻው እስከ ወገቡ ድረስ በዝግታ አስኬዱ፤ ከትከሻው ከፍታ ኋላ አንድ ቦታ ላይ ሲደርሱ ፈረሱ ቆዳውን አንቀጠቀጠ፥ ጆሮውንም ወደ ኋላ ጣለ። ኮርቻውን አስመጥተው ያለ ግላስ ጫኑትና እጃቸውን ከሥሩ አስገቡ። ለሰፊ ጀርባ የተሠራ ኮርቻ ነበር፤ በዳማው ጠባብ ጀርባ ላይ ከፊት በኩል ቁልቁል ወርዶ አጥንቱን ይጫን ነበር። ጥርሱን ከፍተው አዩ፤ ጥፍሩን አንኳኩ፤ እግሩን ከጉልበቱ በታች ዳሰሱ፤ በመጨረሻም ከንፈሩ ላይ ገና ያልጠፋውን ጠባሳ አይተው ወደ እኔ ዞሩ። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ኮርቻው ተለወጠ፤ የሐበሻው ልጓምም ወጥቶ በመካከሉ መጋጠሚያ ያለው ወፍራም ለስላሳ ልጓም ገባለት። ሦስት ሳምንት ጀርባው ላይ ማንም አልተቀመጠም። ሕመሙ ሲጠፋ ግን ሩጫው አብሮ አልጠፋም፤ ቀነሰ እንጂ። ይህንንም ባልደራስ ሲሰሙ አልተደነቁም። በጋጣው አጠገብ ወደ ወንዝ የሚወርድ ቁልቁለት አለ፤ ወደዚያ ወሰዱኝና ግማሹ ገብስ የሆነ፥ አፉ የታሰረ ጆንያ በጫንቃዬ ላይ አድርገው «በዝግታ ውረድ» አሉኝ።

ጀመርኩ። ጆንያው ሙሉ ስላልነበረ ገብሱ ወደ አንገቴ ተንሸራተተ፤ ራሴን ወደ ፊት ገፋው፤ እግሬም ራሴን ሊደርስበት ፈጠነ። ሁለተኛው ርምጃ ከመጀመሪያው ፈጠነ፤ ሦስተኛው ከሁለተኛው። ልቁም ብል መውደቄ ስለ ሆነ መሮጥ ብቻ ቀረኝ፤ ከታች ካለው ዋርካ ጋር ተጋጭቼ ቆምኩ። ባልደራስ ከላይ ሆነው «ለምን ሮጥክ? ቸኩለህ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። «ዳማውም እንዲያው ነው፥ ልጄ። እርሱ እየወደቀ ነው፤ መውደቁን የሚያዘገየው በሩጫ ነው። አንተ ደግሞ በዚያ ላይ ራሱን ይዘህ ትጎትተዋለህ» አሉኝ።

ይህን ከሰማሁ በኋላ ነበር መጻሕፍት ማገላበጥ የጀመርኩት፤ በሽማግሌው ንግግርና በመጻሕፍቱ መካከልም ልዩነት አላገኘሁም። ፈረስ ዝም ብሎ ቆሞ ሳለ እንኳ ከክብደቱ ወደ 60 ከመቶ የሚጠጋውን የሚሸከሙት የፊት እግሮቹ ናቸው። ሰው ሲቀመጥበት ይህ ሸክም ይጨምራል። ከዝላይ ሲወርድ ደግሞ ሁለቱ የፊት እግሮች በአንድ ጊዜ አያርፉም፤ አንዱ ይቀድማል፥ ሁለተኛው ይከተላል፤ ስለዚህ ለቅጽበት ያህል ፈረሱም ፈረሰኛውም በአንድ እግር ላይ ናቸው። በዚያች ቅጽበት ፈረሱ ሚዛኑን የሚጠብቅበት መሣሪያ አንገቱና ራሱ ነው፤ በግንድ ላይ ወንዝ የሚሻገር ሰው ክንዱን እንደሚዘረጋ እርሱም አንገቱን ይዘረጋል፥ ይሰበስባል። ዛቡ ከተያዘበት ክንዱን እንደ ታሰረ ሰው ይሆናል። አንገቱ ወደ ላይ ይሰቀላል፤ ጀርባው ይጎብጣል፤ የኋላ እግሮቹም ከሆዱ ሥር ገብተው ሸክሙን ሊቀበሉ ሲገባቸው ከኋላ ይቀራሉ። ከዚያም ገብስ እንደ ተሸከመው አስተማሪ ይሮጣል።

ይህን ነገር ለዓለም ፈረሰኞች በግልጥ ያስተማረው ፌዴሪኮ ካፕሪሊ የሚባል የኢጣልያ የፈረሰኛ ጦር መኮንን ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1868 በሊቮርኖ ተወልዶ በ1907 ከፈረስ ወድቆ ሞተ፤ ዕድሜው ገና 40 አልሞላም ነበር። ከእርሱ በፊት የነበሩት የአውሮፓ ፈረሰኞች መሰናክል ሲዘሉ ወደ ኋላ ይለጠጡና ዛቡን ይስቡ ነበር፤ እንዲህ ሲሆን የፈረሱን የፊት እግሮች ከሸክም የሚያድኑ ይመስላቸው ነበር። ካፕሪሊ ግን ፈረሱ ሰው ሳይቀመጥበት እንዴት እንደሚዘል መረመረና ነገሩ ተቃራኒ መሆኑን ተረዳ። እርካቡን አሳጠረ፤ ፈረሰኛው ከኮርቻው ላይ ከፍ ብሎ የፈረሱን እንቅስቃሴ እንዲከተል፥ እጁም የፈረሱን አፍ እንዲከተል አስተማረ። መጀመሪያ ብዙ ነቀፋ ደረሰበት፤ ቆይቶ ግን በፒኔሮሎ የነበረው የፈረሰኞች ትምህርት ቤት ተቀበለው፥ ከዚያም ሌሎች አገሮች ተከተሉት። አገሩ ሁለት ጊዜ ጦር ይዞ የመጣብን ቢሆንም ስለ ፈረስ የጻፈውንና ያስተማረውን ለመቀበል የሚያሳፍር ነገር የለበትም። የአቴናው ዜኖፎንም ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት ስለ ፈረስ አያያዝ ሲጽፍ ፈረስን በቁጣ መቅረብ እንደማይገባ አስጠንቅቋል። ባልደራስ ካፕሪሊንም ሆነ ዜኖፎንን አያውቋቸውም፤ ስለ ሁለቱ ስነግራቸው «ደኅና ሰዎች ናቸው» ብለው አለፉ።

ወደ ትምህርቱ ልመለስ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ምንም አልዘለልንም። አራት የባሕር ዛፍ እንጨቶች መሬት ላይ አጋድመን ዳማው በእነርሱ መካከል በእርጋታ እንዲራመድ፥ ቀጥሎም በሶምሶማ እንዲያልፍ አደረግን። በሶምሶማ ለማለፍ በእንጨቶቹ መካከል ያለው ርቀት 1 ሜትር ከ20 ያህል ነበር፤ ለረዥም ፈረስ ሰፋ ይላል። ባልደራስ ሜትር አልያዙም፤ በጫማቸው እየለኩ፥ ፈረሱ አንድ ጊዜ ሲያልፍ እያዩ፥ በጫማቸው ጫፍ እንጨቱን እየገፉ ያስተካክሉ ነበር። ፈረሱ እንጨቶቹን ለማየት ራሱን ዝቅ ሲያደርግ ጀርባው ከፍ ይላል፤ እግሩን የት እንደሚያሳርፍ ማሰብ ስላለበትም ለመቸኮል ጊዜ አያገኝም። አንድም ቃል ሳይነገረው፥ አንድም ጊዜ ሳይሳብ፥ በራሱ ይረጋል። ይህ ለእኔ ከሁሉ የሚያስደንቀው ነገር ነበር።

ከዚያ በኋላ 40 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያላት ትንሽ መሰናክል ተተከለች። ከመሰናክሏ በፊት 2 ሜትር ከ20 ርቀት ላይ አንድ እንጨት በመሬት ላይ ተጋደመ፤ ከማዶዋም 2 ሜትር ከ60 ያህል ርቆ ሌላ እንጨት። የፊተኛው እንጨት ፈረሱ የሚነሣበትን ቦታ ያሳየዋል። ማዶ ያለው እንጨት ግን ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለበት ነው፤ ፈረሱ መሬት እንደ ረገጠ ዐይኑ እርሱን ያያል፥ እርሱን ለማለፍም ርምጃውን መሰብሰብ ግድ ይሆንበታል። እንግዲህ «ቀስ በል» የሚለው እንጨቱ ነው፤ ፈረሰኛው አይደለም።

በንድፈ ሐሳብ ይህ ሁሉ መልካም ነው። ስንጀምረው ግን ዳማው ዘለለ፥ እንጨቱን በሰኮናው መትቶ በታተነው፥ እንደ ልማዱም ሽምጥ ሄደ። ሁለተኛ ሞከርን፤ እንዲሁ። ሦስተኛ፤ እንዲሁ። ባልደራስ ፈረሱን አላዩትም፤ የሚያዩት እኔን ነበር። አስቁመውኝ «ስትወርድ ትተነፍሳለህ?» አሉኝ። «አዎን» አልኳቸው። «አትተነፍስም። እጅህንም አትሰጠውም። ፈርተሃል» አሉኝ።

ይህንን ለመቀበል ሁለት ቀን ፈጀብኝ። በትምህርት ቤት ውስጥ 50 ልጆች ፊት ቆሜ የማልፈራ ሰው ነኝ፤ ስለ ፍርሃት ከሰው ጋር ተነጋግሬም አላውቅም። ከወደቅሁ በኋላ ማታ ማታ ያን ጊዜ የጠፋውን ጋማ በሕልሜ አየው እንደ ነበር ለባለቤቴም አልነገርኳትም። ነገር ግን እውነት ነበር፤ ፈረሱ ከመሬት ሲነሣ ሆዴ ይጨበጣል፥ ጣቶቼም ሳላዛቸው ዛቡን ይጨብጣሉ፥ ሲያርፍም በኮርቻው ላይ እንደ ጆንያ እወድቃለሁ። ፈረስ በቆዳው ላይ ያረፈችን ዝንብ ለይቶ የሚያራግፍ እንስሳ ነው፤ የጀርባው ሰው መተንፈስ ማቆሙን እንዴት ሳያውቅ ይቀራል? ስለዚህ እርሱ የራሱን ሸክም ብቻ ሳይሆን የእኔንም ፍርሃት ተሸክሞ ነበር የሚሮጠው።

ባልደራስ ያገኙት መድኃኒት የሚያስቅ ነው። ዛቡን በፈረሱ አንገት ላይ ቋጥረው ከእጄ አወጡት፤ ልጓሙን ሳይነኩ በአፍንጫው ማሰሪያ ላይ ረዥም ገመድ አስረው ፈረሱን በዙሪያቸው ያስኬዱት ጀመር። እኔን በአንድ እጄ ጋማውን እንድይዝ አዘዙኝና «አስተማሪ አይደለህ? ስትዘል ሀ ሁ ሂን ጮክ ብለህ ቁጠር» አሉኝ። ጮክ ብሎ የሚቆጥር ሰው ትንፋሹን ሊይዝ አይችልም። ጀመርኩ። ከሀ ተነሥቼ ወደ መሰናክሏ ስንቀርብ ለ ላይ እደርሳለሁ፤ በአየር ላይ ሐ፤ መሬት ስንደርስ መ፥ ሙ፥ ሚ። በአጥሩ ማዶ ከብት የሚጠብቁ ልጆች ነበሩ፤ መጀመሪያ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁብኝ፤ ቀጥለው እነርሱም ከእኔ ጋር ይቆጥሩ ጀመር። አንዱማ ፊደል ስሳሳት ከአጥሩ ላይ ሆኖ ያርመኝ ነበር።

በዚያ ሳምንት ሐሙስ ዕለት ከሰዓት በኋላ፥ ሠ ላይ ስደርስ፥ ዳማው ማዶ ያለውን እንጨት ሳይነካ አለፈው። ከዚያም አንድ፥ ሁለት፥ ሦስት ጊዜ በደንገላሳ ሄደና ወደ ሶምሶማ ወረደ። ማንም አላቆመውም። አንገቱን ዝቅ አድርጎ በአፍንጫው ፉርር አለ። እኔ ቁጥሬን ረስቼ ዝም አልኩ፤ ልጆቹ ግን እስከ ረ ድረስ ቀጠሉ።

ከዚህ በኋላ ያለው በቶሎ ሊነገር የሚችል ነው። ገመዱ ተፈታ፤ ዛቡ ተመለሰልኝ። ከዝላዩ በኋላ በቀጥታ ከመሄድ ይልቅ 20 ሜትር ስፋት ባለው ክብ ላይ እንዲዞር አደረግነው፤ ፈረስ በክብ ላይ ሲሄድ የኋላ እግሩን ከሥሩ ለማስገባት ይገደዳልና። አንድ ቀን ወደ ቀኝ፥ አንድ ቀን ወደ ግራ። ቀጥሎም ሁለት መሰናክሎች በ5 ሜትር ርቀት ተተከሉ፤ በመካከላቸው ለአንድ ርምጃ ብቻ የሚበቃ ቦታ አለ። በአንድ ቀን ከአሥር ዝላይ አላለፍንም። እኔ ደስ ሲለኝ «አንድ ጊዜ ብቻ ልድገም» እላለሁ፤ ባልደራስ ደግሞ መልስ ሳይሰጡ ጠፍሩን ይፈቱታል። በደከመ እግር የተሠራ ነገር ሁሉ ያለፈውን ሳምንት ሥራ እንደሚያፈርስ በኋላ በራሴ ስሕተት አወቅሁ። ዛብን ስለ መጠቀምም ያስተማሩኝ አጭር ነው፤ ፈረሱ ካረፈ በኋላ እንጂ በሚያርፍበት ጊዜ አይነካም፤ ጀርባን ቀና አድርጎ፥ ጣትን ጠበቅ አድርጎ ወዲያው ማላላት፤ ካልሰማ እንደገና ጠበቅ፥ እንደገና ላላ። ከያዝኩት የሚገፋበት ነገር ሰጠሁት ማለት ነው፤ ከለቀቅሁት ግን የሚደገፍበት ስለማያገኝ ራሱን በራሱ መሸከም አለበት።

ፈረሱ ፈጽሞ ዳነ ብል ውሸት ይሆንብኛል። ነፋስ ባለበት ቀን፥ ወይም ሌላ ፈረስ ከፊቱ ሲጋልብ፥ የድሮው ነገር ይነሣበታል። አንድ ቀን በመጋቢት ወር የጋጣው ሰው የፕላስቲክ ሸራ ሲያራግፍ ደንግጦ እንደ ጥንቱ ሽምጥ ወሰደኝ። ያን ጊዜ ሀ ሁ ሂን ከየት እንደ ጀመርኩ አላውቅም፤ ግን ጀመርኩ። ሜዳው መጨረሻ ላይ ስንደርስ ዘ ላይ ነበርኩ፤ እርሱም በርምጃ ይሄድ ነበር።

በክፍሌ ውስጥም አንድ ነገር ተለውጧል፤ ከጉዳዩ ጥቂት ብወጣም ልናገረው። ንባብ ሲያነብ እየቸኮለ ቃል የሚውጥ አንድ ልጅ ነበረኝ፤ ሁልጊዜ «ቀስ በል!» እያልኩ እጮህበት ነበር። በዚያ ዓመት ከፋሲካ በፊት መጮኼን ትቼ ከሚያነበው ገጽ ሥር ካርቶን አስቀምጬ አንድ አንድ መስመር ብቻ እንዲያይ አደረግሁት። ሌላ ያደረግሁት ነገር የለም።

የሆሣዕና ማግሥት ሰኞ ወዳጄ ሊያይ መጣ። ባልደራስ መሰናክሉን እኔ በወደቅሁበት ቦታ፥ በዚያው በ80 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ተከሉት። ማዶ ያለው እንጨት ተነሥቷል፤ መሬቱ ባዶ ነው። ዳማውን በክብ ላይ ሁለት ጊዜ አዙሬ በደንገላሳ ወሰድኩት። ተነሣ፤ እጄ አንገቱን ተከተለ፤ አረፈ። አንድ፥ ሁለት፥ ሦስት፥ አራት። ሶምሶማ። ርምጃ። ዛቡን ረዥም ለቀቅሁለትና አንገቱን እስከ ሣሩ ድረስ ዘረጋ።

ዞር ብዬ ወዳጄን አየሁት። ስልኩን በዐይኑ አጠገብ አድርጎ ያነሣውን ፎቶግራፍ እየተመለከተ ነበር፤ ፈረሱ በአየር ላይ ሳለ፥ እግሮቹ እንደ ታጠፉ፥ እጅግ ያማረ ሥዕል። «አየህ፥ እንዲህ የሚዘል ፈረስ እንዴት ይሸጣል?» አለኝና አጨበጨበ። ባልደራስ እኔን አዩኝ፥ እኔም እርሳቸውን አየኋቸው፤ ከዚያም ጎንበስ ብለው እንጨቶቹን መሰብሰብ ጀመሩ።